ሁለት ብዬ ጻፍሁ

ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ሰዓቱ አምስት ግድም፣
ሙቀቱ ለከዚራ ጥላ እንኳን አይበርድም፤
አቶ ሮብሌ መጡ፣ ጉንጫቸውን ይዘው፣
ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ዝም ብለው፣ ተክዘው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ላይ የኖሩ፣
የምድር ባቡሩ ፍሬን ያዥ ነበሩ።
ከቀኝ ታች መንጋጋ አንዲት ጥርስ ተሰብራ፣
ሳምንት አስነቅታለች፣ ሌሊቱን ስትጣራ።

የእርሳሱን መደረቢያ ደረታቸው ላይ ጣልሁ።
"ይከብዳል" አሉኝ። "ለዚያ ነው" አልሁ።
አንገታቸው ላይም ትንሿን አሰርሁ፣
ሴንሰሯን ከጥርሱ ጀርባ ቀስ ብዬ አኖርሁ፤
ጣት የምታህል ነች፣ ጥቁር፣ ገመድ ያላት፤
"እንዳይነክሷት አደራ፣ የዓመት ደሞዜ ናት።"

እንደ ወጉ ልወጣ ዞር ስል ወደ በሩ፣
ሴንሰሯን ከአፋቸው አውጥተው ተናገሩ፦
"ጉዳት የለውም ካልሽ፣ ምነው አንቺ ሸሸሽ?
እኔን ያልጎዳ ጨረር አንቺን ምን ሊያደርግሽ?"

ይህንን ጥያቄ ስንቱ በዓይኑ ጠይቆኛል፤
በአፋቸው ያወጡት ግን እሳቸው ይመስለኛል።

"እርስዎ አንዴ ነው ዛሬ፣ ምናልባትም በዓመት፤
እኔ በቀን ሠላሳ፣ ሳምንት አልፎ ሳምንት።
ጥቂት ነው፣ በጣም ጥቂት፤ ምንም ግን አይደለም።
ጥቂት ሲደመር ደግሞ ጥቂት ሆኖ አይቀርም።"

አሰብ አደረጉ።
"የናፍጣውን ጭስ ተሳፋሪው አንድ ቀን፤
እኛ ዕድሜያችንን ስንውጠው ማን ግድግዳ ሰጠን?"

ሴንሰሯን መለሱ።
ወጣሁ፤ ቁልፉን ተጫንሁ፤ ጢጥ አለች ማሽኗ፤
ወዲያው መብራት ሄደ፤ ጨለመ ስክሪኗ።
ጄኔሬተር ሲነሳ ኮምፒዩተር ተከፈተ፤
ምስሉ ግን አልነበረም፤ በመንገድ ላይ ሞተ።
ጨረሩ አልፏል በጉንጫቸው፣ ሥዕሉ ነው የቀረ፤
ይህን ከእኔ በቀር ማንም አልጠረጠረ።

ድሮ በፊልሙ ዘመን እንሰስት ነበር፣
ፊልሙ ውድ፣ ኬሚካሉ ውድ፣ ከጅቡቲ የሚሻገር፤
ያ ስስት ደግ ነበር፤ ሳናውቅ ሰው አዳነ።
ዛሬ ጠቅ ማድረግ ነው፣ ሁሉ ነገር ነፃ ሆነ።
አንሶ ሳለ ጨረሩ፣ በዛ የእጃችን ችኮላ፤
ጠማማ ወጣች? ሌላ። ደበዘዘች? ሌላ።

ባለፈው አንዲት ሕፃን፣ ከመጋላ የመጣች፣
በእኔ ጥድፊያ ሦስቴ ጨረር ተቀበለች፤
ካርዷ ላይ አንድ ይላል፤ እንደዚያ ነው የጻፍሁት።
ጓንት ነፍቼ ሰጠኋት፤ ሌሊት በሕልሜ አየሁት።

ተመልሼ ገባሁ። "አቶ ሮብሌ" አልሁ፣
"ጨረሩን ወስደዋል፤ ራጁን ግን አጣሁ።
ሥሩ የት እንደገባ ሳይታይ አይነቀልም፤
ሌላ አንድ ያስፈልጋል፤ ያለ እሺታዎ ግን የለም።"

እኔ ቁጣ ስጠብቅ ሳቃቸው መጣ፣
ካበጠው ጉንጫቸው በግማሽ የወጣ፦
"ትኬት ተቆርጦበት ያልደረሰ ባቡር
ስንቱን አውቃለሁ ልጄ፣ አይሻ ላይ ሲያድር!
እኛ ግን ለሰዉ 'ደርሷል' ነበር የምንል።
አንቺ 'ቀረ' አልሽኝ። በይ አንሺኝ፤ ይቀጥል።"

ሁለተኛው ወጣ፣ ጥርት ያለ፣ ነጭና ጥቁር፤
ሥሩ ተሰንጥቋል እንደ ደቻቱ ዳር።
ስክሪኑን አዞርሁላቸው። ብዙ ቆዩ ሲያዩ።
"ሐዲዱ አርጅቷል" አሉ፣ እንደገና እያዩ።

ማታ መዝገቡን ከፈትሁ።
ባለቤቱ ብሏል፦ የጠፋ ሥዕል አይቆጠርም፣
ሪፖርት ያበላሻል።
ሮብሌ ዋኢስ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት፣ ቀኝ ታች።
ሁለት ብዬ ጻፍሁ።

ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ፣ ወደ ባለፈው ወር ገለበጥሁ።
ሂንዲያ፣ ሰባት ዓመት፣ ከመጋላ።
አንድ የሚለውን ሰረዝሁ።