ውሃ ሲነካው

በረዶው ሲሰበር፣ በሚያዝያ መባቻ፣
ቨርና ትወርዳለች ወደ ሐይቁ ዳርቻ።
ሚቺጋን ይሉታል፤ ወዲያኛው ማዶ የለው፣
ባሕር የሚያስመስል፣ ጨው ብቻ የጎደለው።
ባልዲ አንጠልጥላ፣ የባሏን ቦት አጥልቃ፣
ጠጠር ትለቅማለች ወገቧን አስጨንቃ።

ግራጫ ነው ሁሉም፣ አመድ የመሰለ፣
ከተራ ድንጋይ ጋር አንድ ላይ የዋለ።
ግን በምላሷ ጫፍ ላስ ስታደርገው፣ ብቻ አንዴ፣
ይገለጣል፤
ስድስት ግድግዳ ያለው፣ እንደ ማር እንጀራ፣
ቤት ከቤት ተጣብቆ፣ አጥሩ በጋራ።
በየቤቱ መሐል ጥቁር ብሌን አለ፤
የሚያየው ባሕር ግን ጥሎት ኮበለለ።

ከሰው በፊት፣ ከወፍ በፊት፣ ከአበባም ሳይቀር፣
ይህ የብርድ አገር ሙቅ የባሕር ወለል ነበር።
ትንንሽ ፍጥረቶች ግድግዳ ተጋርተው፣
የሚያልፈውን ጉርሻ የሚይዙ፣ በራቸው ላይ ተቀምጠው።
ዘራቸው ጠፋ። ማንም አላለቀሰ።
ጭቃው ብቻ መጥቶ ቤቱን አለበሰ።

ሃርላን፣ ባሏ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በሲሚንቶ ፋብሪካ፣
ያንኑ ኮረብታ ሲያፈርስ፣ ሲፈጭ፣ በቶን ሲለካ።
በድማሚት ይናዳል፤ ባሕሩ ይፈጫል፤
በከረጢት ታሽጎ በባቡር ይወጣል።
የድልድዩ እግር፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ፣
የሆስፒታሉ ፎቅ፣ የጎረቤት ምድጃ፣
ሁሉም ያው ባሕር ነው፤ ማንስ አስታውሶት፣
ይራመድበታል ጫማውን ጎትቶት።

ማታ ሲመለስ ግን በምሳ ዕቃው ውስጥ አለች፣
አንዲት ጠጠር፣ ከወፍጮው ጥርስ ያመለጠች።
«ይቺ ተረፈች» ይላታል። በቃ። ሌላ ወሬ የለ።
ሾርባው ይቀዘቅዛል፤ እሱ ጋራዥ ገባ አለ።
መጀመሪያ በሻካራው ወረቀት፣ ቀጥሎ በልዝብ፣
ውሃ እያጠጣ፣ ክብ ክብ እያለ፣ ክብ ክብ፤
በመጨረሻ በከፋይ፣ ከኮቷ በተቀደደ፣
ድንጋዩ እስኪወዛ። ሌሊቱ ነጎደ።

በከተማው ሱቆች ለበጋ እንግዳ ይሸጣል፣
ጉትቻ ይሆናል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይወጣዋል።
እሱ ግን አልሸጠም። «የሞተ ሰው ቤት
በጆሮ አይንጠለጠልም» ብሎ ሳቀ፣ አንድ ሰንበት።

ከዚያ ሳል መጣ።
ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ አቆመ፤
ቨርናም አየች፣ በሁለቱ ሳንባ የታተመ
ነጭ ነጠብጣብ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ጎጆ ሰፈር።
እሷ አውቃዋለች። ለሐኪሙ ምን ይነገር?
ያ የፈጨው ባሕር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ገብቶ፣
ደረቱ ውስጥ ቤት ሠርቷል፣ ጎረቤት አበጅቶ።

ኅዳር ላይ ቀበሩት። የመቃብሩን ድንጋይ
ልጁ ከሩቅ አስመጣ፣ ጥቁር፣ ፊት የሚያሳይ።
ጋራዡ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ቀርታ ነበረች፣
ግማሿ ዓይን አውጥታ፣ ግማሿ እንዳደረች።
ቨርና ልትጨርሳት ወረቀቱን አነሳች፣
ውሃ ነከረች፣ አንዴ አዞረች፣ ተወች።

ሕጉ ለአንድ ሰው በዓመት ሃያ አምስት ፓውንድ ይላል፤
ቨርና ሚዛን አላት፣ ወጥ ቤት ይቀመጣል።
ሚዛኑ ግን እስካሁን ሥራ አግኝቶ አያውቅም፤
ያነሳችውን ሁሉ ወደ ቤት አትወስድም።
አንዱን ታነሳለች፣ በምላሷ ትነካዋለች፣
ጨው ትፈልጋለች፣ የለም፣ ዝም ብላ ታየዋለች።
የሐይቁ ነፋስ ቶሎ ያደርቃል።
ግራጫ ሲሆን፣ ዓይኑን ሲከድን፣
ከነበረበት ታኖረዋለች ድንጋዩን።

ዛሬ ስትመለስ ዝናብ ጀመረ፣ ቀጭን።
ከመንገዱ እስከ በሯ ያለው ጠጠር፣
ባለፈው መስከረም፣ ሳሉ ሳያስቆመው፣
ሃርላን በአካፋ የበተነው፣
ክረምቱን ሙሉ በረዶ ሥር የነበረው፣
አሁን ገና ውሃ ነካው።
አንድ ዓይን። እዚያ ጥግ ደግሞ ሁለት።
ከዚያ መቁጠር አቃታት።

ባልዲዋን አስቀመጠች።
ቦቱን አወለቀች።
በካልሲ፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ቤት ገባች።