ስድስት መቶ ግራም

ኢሎይሎ ወደቡን ከሚያይ መስኮት ሥር፣
ሙቀት እያመሰ ማራገቢያው ሲዞር፣
ሦስት ዓመት ደረደርኩ የሩዝ ዋጋ በኪሎ፣
የልጆች ክብደትም ጎን ለጎን ተከትሎ።
ከሁለት መቶ ሰባት የዓሣ አጥማጅ መንደር
የመጣው ቁጥር ሁሉ ነጥብ ሆኖ ሲሰፍር፣
ቀጥ ያለ አንድ መስመር በመሃል ወጣለት፤
ሩዝ ሽቅብ ሲወጣ ሕፃን የወረደበት።

አይገርምም ይሄማ። እናቴም ታውቃለች፣
ያለ ኮምፒውተር፣ ድስቷን ገልጣ እያየች።

አማካይ ሽማግሌ ነው፣ ሁሉን የሚያስታርቅ፣
ከማንም የማይጣላ፣ ከማንም የማይርቅ።
አንዲት ነጥብ ብቻ እርቁን እምቢ አለች፤
ባናግ የምትባል፣ ከላይ ወጥታ ቆመች።
አውሎ ነፋስ ጀልባዋን የሰባበረባት፣
የወንዶቿ ገቢ በግማሽ የጎደለባት፣
የሷ ልጆች ግን ጨመሩ፣ ወፈሩ፤
እንደ ንጋት ኮከብ ስክሪኔ ላይ አበሩ።

አለቃዬ ዶክተር ቪሊያሉስ ደስ አለው፤
«ተአምር ነው!» አለ፣ «ምሥጢሩ ምንድነው?
ድረሺበትና ለሚኒስትሩ እንጻፍ፣
የመንደሯን ሥዕል በሽፋኑ እንለጥፍ።»

ሙያዬ ጥርጣሬ ነው፤ ደስታ በሬን ሲመታ፣
«መታወቂያህን» ሳልል አላስገባም ለአፍታ።
የጉድጓዱን ውኃ፣ የእናቶችን ትምህርት፣
ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ የላከውን ምጽዋት፣
ቀመሩ ውስጥ ከተትኩ። ንቅንቅ አላለችም።
ሞዴሉ አፉ ደርቆ «አላውቅም» ሲለኝ፣
ሁለት ሰዓት በጀልባ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

ፍሎርዴሊዛ ናት የጤና ሠራተኛዋ፣
እርሳስ ተሰክቶበት በፀጉር ቋጠሮዋ።
ልጆቹን አየኋቸው፤ ጎድናቸው ይቆጠራል፤
ዓይኔ «ከሱ» ሲለኝ ሰንጠረዤ «ወፈሩ» ይላል።

«ሚዛኑስ?» አልኳት። ከማንጎው ዛፍ አወረደች፤
ሰዓት መሳይ ፊቱን በቀሚሷ ጠረገች፣
ጠረገችና አፈረች። ሽታው ቀድሞ ነገረኝ፤
የዓሣ ቅርፊት ከመንጠቆው ሥር አብረቅርቆ ታየኝ።

«ማዕበሉ የገበያውን ሚዛን ውጦት ሄደ፤
ኖርቤርቶ ይሄን ተውሶ ቱናውን ነገደ፤
ማለዳ ለዓሣው ነው፣ ከሰዓት ለሕፃን፤
ምን ይደረግ? አንድ ነው መንደሩ ያለው ሚዛን።»

ሠላሳ ኪሎ ቱና ሲስበው የባጀ፣
ሞላው ረገበና ውሸትን አበጀ።
ሊትር ውኃ ሰቀልን፤ ልኩ አንድ ኪሎ ነው፤
መርፌው ስድስት መቶ ግራም አልፎ ነው የቆመው።

መብራት በሌለበት ሌሊት ላፕቶፔን ከፈትኩ፤
ከአርባ አንድ ሕፃናት አንድ ባንድ ቀነስኩ።
ከሮድሪን ስድስት መቶ፣
ከማሪሶል ስድስት መቶ፣
ጡት ካልጣለው ከቤኒ
ስድስት መቶ ግራም።
ባንድ ትእዛዝ ሁሉን መቀነስ ይቻላል፤
እኔ ግን ስም በስም፣
እጄ እንዲያውቀው ብዬ።
ሌባ እንኳ ከሕፃን ገላ ሥጋ አይሰርቅም።

ነጥቧ ወረደች። ሽማግሌውን አልፋ፣
ከሁሉም መንደር በታች ተቀመጠች ተደፍታ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።
ከዚያ፣ «ሽፋኑስ?» አለ።

ጠዋት ባሕሩ ዳር ስደርስ አንድ ነገር ገባኝ፤
ያ ሚዛን ለሕፃን ብቻ አይደለም የዋሸ።
የባናግ እናቶች ለካ ገበያ በወጡ ቁጥር
ስድስት መቶ ግራም አየር ነው የሸመቱ፣
ከልጆቻቸው ላይ የጎደለውን ያህል።

ኖርቤርቶ ይህን ሲሰማ ቢላዋውን አስቀመጠ።
አልማለም፣ አልተሟገተም።
ፍሎርዴሊዛ የውኃውን ጠርሙስ ከመንጠቆው ጎን አሰረች፤
አዲስ እስኪመጣ፣ ከልጅ በፊት ውኃ ይመዘናል።
እሱ ደግሞ ለገዛ ሁሉ
እፍኝ ሰርዲን ምራቂ ይጨምራል፣
ሳይመዝን፣ ዓይኑን ወደ ባሕሩ መልሶ።

ያንን እፍኝ በየትኛው ረድፍ እንደምጽፈው
እስካሁን አላወቅሁም።