ሞላ

ዊኒፔግ፣ የካቲት፤ መስኮቱ በረዶ፣
የሽንት ቤቱ ጋን ከወገብ ላይ ባዶ።
አንዴ ቢጫኑትም አጉረምርሞ ቆመ፣
ካልደገሙት በቀር ሥራ አልፈጸመ፤
አከራዩ ኦሌህ «ነገ» ሲል ከረመ።

ባሌን፣ «ስምህ ሞላ፣ ጋንህ ጎዶሎ!» ብል፣
እጅጌውን ጠቀለለ፣ ክዳን ሊፈነቅል።

ከውስጥ ዝገት አስምሯል የድሮ ውሃ ልክ፤
ተንሳፋፊው ኳስ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ልክ
እንደ ተቀጣ ልጅ፣ ከመስመሩ ወርዶ።
ማን ዝቅ አረገው ይሆን፣ በቢሉ ተገዶ?

ብሎኗን በካቻቢቴ ሁለት ዙር ሲያላላ፣
ሽ… አለ ውሃው፤ ወጣ፣ ወጣ፤ ዝገቱን ነካ። «ሞላ!»
ብዬ ጮህኩኝ፤ «ሞላ!»

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ቀና አለና አየኝ፤
«ጋኑን ነው እኔን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።
ዝም ብዬ ተጫንኩት።
በአንዴ ነጎደልኝ።