አርባ ጃንጥላ

ሰማዩ ጠብታ በማያውቅበት አገር፣
እህቴ ኤርሜሊንዳ አርባ ጃንጥላ ገዛች በብድር።
ሦስት ሌሊት አልተኛች፤
የቤቱን በር ሁሉ፣ የጎረቤትንም፣ ሰማያዊ ቀባች።
“ጎርፍ ይመጣል!” አለች፣ ሳቋ እየቀደማት፤
ነጠላ ቀሚስ ለብሳ፣ የበረሃው ውርጭ ሳይሰማት።
እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደስታ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደቀች።
በሰኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤
በነሐሴም እዚያው ነበረች።
ፀጉሯ ተቋጠረ፣ ሾርባው ቆዳ አወጣ፤
“ቅብጠት ነው” አለ ጎረቤት፣ “የሥራ ፈት ጣጣ።”
“ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ” አሏት፣ ጨው ይመስል፤
ድንጋይ ናት ብለው ሊወረውሯት፣ እጃቸው ሲከጅል።
እኔም፣ አልደብቅም፣ በሯ ላይ ቆሜ
“ተነሺ! ጠንከር በይ!” አልኳት ደጋግሜ።
እግሩ ለተሰበረ “ሩጥ” እንደ ማለት፤
ያ ቃል ዛሬም አለ፣ ጉሮሮዬ ላይ፣ እንደ አጥንት።

የካላማዋ ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፤
ወንበሯን ሳበች፣ ጠበቀች፤ የእህቴ እንባ ፈሰሰ።
“ስሜትም እንደ ሳንባ ይታመማል፤
ይታከማል ደግሞ፤ ቀን ግን ይወስዳል።”
ኪኒኑን ጻፈችላት፦ ሊቲየም፣ የጨው ዘመድ።
ሳቄም እንባዬም መጡ፣ ተጋፍተው በአንድ መንገድ።
ያን ጨው ነው የማወጣው፣ ከሳላሩ ሜዳ፣
አሥራ አንድ ዓመት፣ ጫማዬ ከነጩ አቧራ ሳይጸዳ።
ለስልክ፣ ለመኪና ባትሪ ሲጫን እያየሁ፣
ለእህቴም እንቅልፍ መሆኑን መች አወቅሁ!

ኩሬው ውስጥ ውሃው ይተኛል፤ ፀሐይ በቀስታ ትጠጣዋለች፤
ዓመት ከመንፈቅ ትፈጃለች።
“ቶሎ ድረቅ” ብሎ ውሃ የሚቆጣ የለም፤
እኔ ለኤርሜሊንዳ አንድ ክረምት አልታገሥኩም።

አሁን ፀጉሯን አጥባለሁ። “ለምን?” አልጠይቅም።
ደሟ በሚመረመርበት ቀን አውቶቡሱ አያመልጠንም።
እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሻዩ ሳህኑ ላይ ይፈሳል፤
ትሳደባለች። እወለውላለሁ። ቀኑም ያልፋል።
አንዳንዴ ያንን የቀለም ሌሊት ትናፍቃለች፤
“ከዋክብቱ ቅርብ ነበሩ፣ ኦዲሎን” ትለኛለች።
አልከራከራትም።
ቅርብ ነበሩ ይሆናል።

ትናንት እኩለ ቀን፣ ድንጋይ እንኳ ጥላ ባጣበት፣
አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ከአርባው አንዱን ዘረጋችበት።
“ና” አለችኝ፣ “ለካ ለፀሐይም ይሆናል።”
ገባሁ። ጠበበን።
ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው፤ አልሸሸሁም፣ አልሸሸችም።
የጃንጥላዎቹ ዕዳ ገና አላለቀም።