መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር

ደብዳቤውን ይዣለሁ፤ ትርጉሙ ከሥሩ ተለጥፎ፣
ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣
በቦርሳዬ ኪስ ከፋብሪካው የሰዓት ካርድ ጋር ተቃቅፎ።
ኮምቦልቻ፣ ቀበሌ ደጅ ደረስኩ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፤
ወረፋው የባጃጅ ማቆሚያውን አልፎ ዞሯል ወደ ኋላ።

"እንደ እርስዎ የሽመና ማሽን የሚፈታ እኛ ዘንድ ጠፍቷልና ይምጡ፤
ከመምጣትዎ በፊት ግን የት እንደነበሩ ማስረጃ ያምጡ።"
እንዲህ ይላል ሆላንድ።

"ሉባባ ይመር!" አለች ዘምዘም አራጋው፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣
"ምን ጎደለሽ? መታወቂያ ጠፋ? ወይስ የቦታ ግብር ዕዳ?"

"ነዋሪነቴን ጻፊልኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ መኖሬን፣
ከእነርሱ ወሰን ከመቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ መራቄን።
ያን ካሳየሁ ከደመወዜ ከመቶው ሠላሳው ግብር አይነካውም፤
ካላሳየሁ እንደ አገሬው ሰው እከፍላለሁ፣ ማንም አይምረኝም።"

"መቶ ሃምሳ ብቻ?" ብላ ሣቀች፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣
"ወልዲያ ነው'ኮ! አክስቴ ለለቅሶ የምትደርሰው በጠዋት ተነሥታ!"
ከኋላዬ የቆሙ ሽማግሌ፣ "አገሩ ጠቦባቸው ይሆናል፤
ጠባብ ቤት ያለው ሰው ጓሮውን 'ማዶ' ይላል።"

ሣቁ መዝገቡ ጋ ሲደርስ ቆመ።
"ቅጽ ሦስት የለም" አለች ቀስ ብላ፤ "ያኔ ከተማው ሲሸሽ…
ስንመለስ መደርደሪያው አመድ ነበር። የቤት ቁጥርሽም ጠፋብሽ።
ሦስት ሰው አምጪ። አባትሽ አይሆኑም፣ ዘመድ አይመሰክርም።"

አባቴ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ አልተከራከረም።

ደመላሽ ሙሄ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ገባ፦
"ሲንጀሬ ጨርቅ ሲነክስ ሌሊት መጥታ የፈታችልኝ ማን ናት፣ ሉባባ!
ሒሳቧን እስከ ዛሬ አልሰጠኋትም፤ ይህንንም ጻፊው።"
ወይዘሮ ትጓደድ፦ "የወፍጮዬ ቀበቶ የተበጠሰ ለታ፣
ሰፈሩ ዱቄት ያገኘው በእሷ ነው፤ እጇ በግራሶ ተለውሶ እስከ ማታ።"
ሸህ ኑርዬ ብዙም አልተናገሩ፦
"ቦርከና የሞላ ሌሊት ከልጄ ቤት ውሃ ስትጨልፍ አደረች" አሉና ተሻገሩ።

ዘምዘም ሰማች፤ ራሷን ነቀነቀች፤
ከወረቀቱ ላይ ግን "ሩቅ ነበረች" ብላ ጻፈች።

አጠገቡ ስቀመጥ አባቴ ጠየቀኝ፦ "ሠላሳውን ስለ ምን ይተዉልሻል?"
"ከአገር የመራቅ ወጪ ነው፤ ለትኬት፣ ለኪራይ፣ ለቋንቋ ትምህርት ይሆናል።"
ዝም አለ። ቆይቶ፣ ሱቁ የሚዘጋበትን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣
ስለ ራሱ ግብር ተናገረ፦

"ሠላሳ ዓመት ቁርጥ ግብር ስከፍል፣ ገማች ኮሚቴ እየመጣ፣
ጨውና ሳሙናዬን በዓይኑ ቆጥሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚወጣ።
ምንም ቢበድል፣ ደጄን ረግጧል፤ ሚዛኔን አይቷል።
ያንቺን መራቅ ማን መጥቶ አየው? ማን ቆጥሮ ገምቷል?"

"ሕግ ነው፣ አባ።"

"ሕግማ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ 'በዛብኝ' ብዬ ይግባኝ ስል ኖሬ፣
አንድም ቀን አልተቀነሰልኝ፤ ከፍዬ ነው ያደርኩት ተበድሬ።
አንቺ ግን ይግባኝ በይ። እንደ እኔ አይደለም፣
በዝቷል ብለሽ አይደለም።
አንሷል በያቸው።"

ከሐረጎ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ሞተሩን እያስጮኸ አለፈ፤
የምመልሰው ነገር ከአፌ ላይ ረገፈ።

ወደ መስኮቱ ተጠራሁ። የማኅተሙ ቀለም ደርቆ አልታይ ብሏል፤
ዘምዘም እፍ አለችበት፤ ደግማ መታችው፤ ከጫፉ ግማሹ ታይቷል።
"ይበቃቸዋል" አለች። "ሃያ ብር" አለች ደግሞ፣ ካርኒውን ስባ።
ከፈልኩ፤ ደረሰኙን ሰጠችኝ፤
"ለነዋሪነት ማስረጃ፣ ለሉባባ"
ይላል። ሃያው ብር ሙሉ ነው፤
ሠላሳ በመቶ አልተነሣልኝ።