ባለ ሁለት ኮርቻ

ከሌዝብሪጅ ስንነሳ ገና አልነጋም ነበር፤
ስንዴው ግራና ቀኝ፣ መንገዱ እንደ ክር።
ዋተርተን ስንገባ ነፋስ ተቀበለን፤
ባርኔጣህን ነጥቆ፣ ሳንጠጣ አሰከረን።

የብስክሌት አከራዩ፣ አንድ ዓይናፋር ሽማግሌ፣
«ሁለት ነጠላ ይሁን ወይስ አንዱን ድርብ...» ብሎ ሳይጨርስ
«ድርቡን!» አልክ።
(ይታገሱ ብለው ስም ያወጡልህ ሳያውቁህ መሆን አለበት።)
ሃያ ሦስት ዓመት አልጋ የተጋራ ሰው
ኮርቻ ሊጋራ አማረው በዚህ ዕድሜው።

አንተ ከፊት፤ መሪው ያንተ፣ ደወሉ ያንተ፣ ፍሬኑም፤
እኔ ከኋላ፤ ከፔዳሉ በቀር የሚታዘዘኝ የለም።
የማየው ተራራ ጀርባህ ነው፦
ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ለፋሲካ የተኮስኩት፣
መሀሉ ላይ ላብ ቀስ እያለ ሀይቅ የሚሠራበት።
«አጋዘን!» ትላለህ። የታል?
«በግራሽ! በግራሽ!» እስክዞር አልፏል፤
የተነካ ቅጠል ብቻ ይወዛወዛል።
«ንስር!» ትላለህ። አንገቴን ሳቀና
ሰማዩ ላይ የቀረው አንድ ብጣሽ ዳመና።

ከዚያ ዝም አልክ።
ዝምታህን አውቀዋለሁ፣ ዓይነት በዓይነቱን፦
የኩርፊያውን፣ የድካሙን፣ የቤት ኪራይ ቀኑን።
ይሄኛው ግን አዲስ ነው።
እግሬን መሬት አስነክቼ በትከሻህ ላይ አጮለቅሁ።

ድብ።
ጥቁር ድብ ከነደቦሏ፣ መንገዱ መሀል፣
ከንፈሯ በእንጆሪ ቀልሞ፣
ደጃፏ ላይ እንደቆመች እመቤት
ያልጠራችውን እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየችን፤
አየችንና ናቀችን፤
ደቦሏን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ወደ ዱሯ።
ደወሉ ከአውራ ጣትህ ሥር ነበር። ረሳኸው።
እጅህን ወደ ኋላ ሰደድክ፣
ዳብሰህ ጉልበቴን አገኘህ፣
ድቧ ከሄደች በኋላም አልለቀቅከውም።

ከሰዓት ጀልባ።
ካፒቴኗ ሼልቢ፣ ልጅ እግር፣ ድምፅ ማጉያዋን አንስታ
«ያቻትና ድንበሯ!» አለች፣ ወደ ዳገቱ ጠቁማ፤
ጥዱን ለሁለት ከፍለውታል፣
በማበጠሪያ እንደተከፈለ ፀጉር፤
ወዲህ ካናዳ፣ ወዲያ አሜሪካ።
ሰው ሁሉ ስልኩን ቀሰረ።

እኔ ድንበሯን አላየሁም።
የጀልባው ወንበር ፊት ለፊት ነበር።
ጠዋቱን ሙሉ ጀርባህን ስጠብቅ ውዬ
ፊትህ ደረሰኝ።
ቅንድብህ ውስጥ ሽበት ገብቷል። መቼ?
አፍንጫህን ፀሐይ ልጦታል።
ውሃ ትፈራለህ፤ እንዳላውቅብህ ተራራ ትቆጥራለህ።
«ስንት ደረሰ?» ብዬ ብጠይቅህ
«ዘጠኝ» አልክ፤ ዓይንህን ጨፍነህ።

እንዲህ ነው መሰለኝ የመጣነው፦
አንተ መንገዱን፣ እኔ አንተን እያየሁ፣
ፔዳሉ ግን የጋራ።
ወቀሳ አይደለም። እግሬም አልሰነፈም።

ብስክሌቷ ወደቡ ላይ ታስራ ጠበቀችን።
«ከፊት እኔ» አልኩ። ሳትከራከር ወደ ኋላ አለፍክ።
አከራዩ ቤት ድረስ አንድ ዳገት ቢቀር ነው፤
ነፋሱ ደረቴን ገፋኝ፣ ሀይቁ በቀኜ ተዘረጋ፣
ጎሽ ይሁን ድንጋይ ያልለየሁት ጥቁር ነገር ከሩቅ ተንቀሳቀሰ፣
ጉልበቴም ከበደኝ።
«ይታገሱ፣ እየረገጥክ ነው?»
ዝም።
ይሄንንም ዝምታ አላውቀውም።