እስከ መንደርደሪያው ጫፍ

ዓርብ ነው፤ መጊዶ። ጤዛው ገና አልጠፋ፣
ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ የሃንጋሩን በር ስገፋ
እንደ አሮጌ በቅሎ ሁሉም አፍንጫውን አንጋጦ ቆሟል፤
አንዱ ዘይት አንጠባጥቧል፣ አንዱ ጎማው ተንፍሷል።
ኤልያኪም ይለኛል፦ «ካላንጠባጠበ ፍራ፣
ዘይት የማያፈስ ሞተር ዘይት የለውም፣ አደራ!»

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው እዚህ፤ ስመጣ ዘበኛ፣
ቀጥሎ ወለል ወልዋይ፣ አሁን የብሎን ጓደኛ።
ወረቀት የለኝም። እጄ ግን ያውቃል፣
የቱ ብሎን ከልቡ ጠብቋል፣ የቱ ብሎን ይቀልዳል።

ዛሬ የአሮጌዎቹ ቀን ነው፤ በዓመት አንዴ የሚደርስ።
ከሄርጽሊያ፣ ከሮሽ ፒና፣ ጥርሱን ያጣው ሁሉ ሲገሰግስ፣
ቢጫው ሃርቫርድ ቀደመ፤ ድምፁ አፉላ ድረስ ይሰማል፣
ፓይፐሩ ዘግይቶ መጣ፤ ነፋስ እንዳገኘው ኮርኒስ ይንቀጠቀጣል።
ፉጋው በጭነት መኪና፣ ክንፉ ለብቻ ታስሮ፣
እንደ ታመመ ሹም በቃሬዛ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አቀርቅሮ።
አይስክሬም ሻጩ ራጊብ፣ ከናዝሬት ማልዶ ደርሶ፣
ይሸጣል ጆሮውን ደፍኖ፣ በጣቱ ዋጋ ጠቅሶ።

ከምሥራቅ ታቦር ይታያል፣ ክብ፣ እንደ ተደፋ ገበታ።
የአባቴ ታቦር ሌላ ነው፤ ከተማ፤ ገበያው ቅዳሜ ሲቆም
እኛ ሰንበት ጠባቂዎች አቧራውን በሩቅ ስናልም።

ኤልያኪም ሰማንያ ሦስት ሞላው፤ ሐኪም በመጋቢት
ዓይኑን አይቶ ወሰደበት ያችን ትንሽ ወረቀት።
ለማንም አልተናገረም። የቆዳ ቆቡን ዛሬም አድርጓል፤
ስቲርማኑን ይዞራል፣ ሸራውን በጥፍሩ ነካ ነካ ያደርጋል።
ልጁ ሊዮራ ናት አብራሪዋ፤ የፊቱ ወንበር የሱ ነው፣
የስንብት በረራ ብለው ክለቡ ሁሉ የሰጠው።
«አስረስ» አለኝ በድንገት፦
«ይህን ሆድ ስትፈታ ስትገጥም ኖርክ። ከላይ ሆነህ አይተህ ታውቃለህ?»

«አንዴ» አልኩት። ሰባት ዓመቴ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ተነቅሎ፣
ሰው በሰው ላይ ወለሉ ላይ፣ ግንባሬ ላይ ቁጥር ተለጥፎ፣
በእናቴ ጉልበትና በማላውቀው ሽማግሌ ጀርባ መካከል።
መስኮት ነበረ ይላሉ። ሰማይም ነበረ ይባላል።
እኔ ያየሁት ተረከዝ ነው፤ የተሰነጠቀ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያ ብቻ።
ሲነጋ «ወጣችሁ» አሉን፤ እኛ በደረጃው ስንወርድ።

ኤልያኪም አልመለሰልኝም። ቆቡን ከራሱ አውልቆ
በራሴ ላይ ደፋው፤ ማሰሪያውን ካገጬ ሥር አጥብቆ።
«ወንበሩ የኔ ነው፤ ለፈለግሁት እሰጣለሁ» አላት ልጁን።
ሊዮራ አባቷን አየችው። ከዚያ አጠለቀች ጓንቷን።

ሌላ ጊዜ ፕሮፔለሩን በእጄ የማዞረው እኔ ነኝ፣
የተኛ ዘይት እንዳያንቀው፤ ዛሬ ናሖም አዞረልኝ።
ሰባቱ ሲሊንደር እንደ ሰባት ወንድማማች በውርስ ተጣሉ፤
አንዱ ሳለ፣ አንዱ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ተስማሙ ሁሉ።
ሰማያዊ ጭስ ፊቴን መታኝ። ሣሩ ከኋላችን ተኛ።
ራጊብ ማንኪያውን ከፍ አደረገ፣ ለሰላምታ፣ ወደ እኛ።

ስቲርማን ፊቱን አያሳይም፤ አፍንጫው ይጋርዳል መንገድ፣
ግራ ቀኝ እየተጠማዘዙ ነው እንደ ሰካራም መሄድ።
እንዲያ ሄድን እስከ ጫፉ። ታቦር ከክንፍ ክንፍ ተሻገረ።
መንደርደሪያው ተዘረጋ፣ ባዶ፤ ሆዴ ተወጠረ።
ሊዮራ ነዳጅ ሰጠች፣ ፈተሸች፤ ግራ ማግኔቶ፣ ደህና።
ቀኝ፦
ሞተሩ ተደናቀፈ፤ ሲዋሽ እንደተያዘ ሰው ሆነና
ዝቅ አለ።
በላይኛው ክንፍ መስታወት ዓይኗ ዓይኔን ፈለገ።
ሳትነግረኝ አወቅሁ፤ አራተኛዋ ካንዴላ ናት፣
ትናንት ማታ እኔው ራሴ የወለወልኳት።

እንግዳው ሁሉ ሰንበት ሳይገባ ተበተነ፤
ሃርቫርዱ በምዕራብ ፀሐይ ውስጥ ዝንብ አከለ፣ መነመነ።
ኤልያኪም በሩ ላይ ቆሟል፣ መፍቻ ይዞ።
«ከፍታ?» አለኝ።
«ሦስት ክንድ» አልኩት።
«ዘንድሮ ከኔ በለጥክ» አለ፣ ሳቁም አመለጠው።

ከዚያ ሁለታችን አጎነበስን፣ ሽፋኑን ፈትተን፣ ምንም ሳንል።
አፉላ ሚስቴ ሻማ የምታበራበት ሰዓት ተቃርቧል፤
የኔዋ ግን በመዳፌ ናት፣ ጠቁራ፣ አልበራ ብላ፣
ገና ትኩስ።